ነርስ ከሆኑ በኋላ ሐኪም ለመሆን ስለ መሰናዳት

ልጁን ሐኪም ሆኖ ለማየት የማይመኝ ቤተ ሰብ በአገራችን እምብዛም አይገኝም። ምኞቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ውጤት አግኝቶ፣ ዕድሜው ሃያ ሳይሞላ ከዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ የሚወጣበት መንገድ ነው። በዚህ ያልሄደውን ልጅ «ዕጣው አይደለም» እንልና ነገሩን እንዘጋዋለን። እኛ ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌላው መንገድ ነው፤ ከአነስተኛ ኮሌጅ ተነሥቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ዕድሜም ጨምሮ የሕክምና ትምህርት ቤትን ደጅ ስለሚጠና ሰው። ይህነንም በታናሽ እኅታችን ላይ በዓይናችን አይተነዋልና የምንናገረው ከወሬ የሰማነውን አይደለም።

ቤታችን በሐዋሳ፣ በመሃል ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። እኅታችን በ1996 ዓመተ ምሕረት የአሥረኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና በወሰደች ጊዜ ውጤቷ ወደ መሰናዶ ትምህርት ለማለፍ ከተወሰነው ነጥብ በጥቂት ጎደለ። በዚያን ዘመን በነበረው ደንብ ነጥቡ የሞላለት ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲያልፍ፣ ያልሞላለት ወደ ሙያ ትምህርት፣ ወደ መምህራን ወይም ወደ ጤና ኮሌጅ ይዞር ነበር። የነገሩ አገጣጠም ግን ያስደንቃል፤ ያን ጊዜ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት የጀመረው በዚያው በ1996 ነው። ከቤታችን በባጃጅ የሚደረስበት የሕክምና ትምህርት ቤት በተከፈተበት ዓመት ለእርሷ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። እርሷም ያለ ብዙ ክርክር ከክልሉ ጤና ኮሌጅ ገብታ ሦስት ዓመት ተማረች፤ የነርስነት ዲፕሎማዋን ይዛ በጤና ጣቢያ ተቀጠረች። አባታችን ቀደም ብለው ዐርፈው ነበርና ከደመወዟ ለእናታችን የአስቤዛውን፣ ለትንሹ ወንድማችን የትምህርቱን ትችል ጀመር። በማታና በክረምት እየተማረችም በ2006 የመጀመሪያ ዲግሪዋን በነርስነት ያዘች።

ቤተ ሰቡ ሁሉ «እንግዲህ ተፈጸመ» ብሎ በተደሰተበት ሰሞን እኅታችን ወደ እኛ ቀርባ «ጋሼ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከት እፈልጋለሁ» አለችን። ነርስነቱን ብትጠላው እንደ ሆነ ጠየቅናት። እርሷም እንዳልጠላችው ነግራን፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ሌሊት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ስታደርስ የሚሆነውን አወራችን። እጇን ይዛ ትሄዳለች፤ ምን ሊደረግላት እንደሚገባም በመጠኑ ታውቃለች፤ ለማድረግ ግን ትምህርቱም ሥልጣኑም የላትም። «በመንገድ ላይ ሰዓት መቍጠር ሰለቸኝ» አለች። ለዚህ ቃል ወዲያው የምንሰጠው መልስ አልነበረንም።

በሩ ለእርሷ ሁለተኛ የተከፈተው እንዲህ ነው። መንግሥት የሐኪሞችን ቍጥር ለመጨመር አስቦ በየካቲት 2004 በ13 ተቋሞች አዲስ የሕክምና ትምህርት ዕቅድ ጀምሮ ነበር። በዚህ ዕቅድ የሚገባው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጣ ወጣት ሳይሆን በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ነበር፤ የሚመረጠውም በመግቢያ ፈተናና በቃል ጥያቄ ነበር። ከተቋሞቹም አንዱ ከሐዋሳ በስተ ደቡብ፣ በቀድሞዪቱ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ከተማ በይርጋለም የሚገኘው ሆስፒታል ሆነ።

ለነገሩ ሐኪምነት ወደ አገራችን የመጣው ከጥንቱም በቀጥተኛ መንገድ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ። በበርማም ሲያገለግሉ ኖረው ከዐድዋ ድል በኋላ የትውልድ አገራቸውን ፍለጋ መጡ። በ1947 ዓመተ ምሕረት ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅም ያሠለጥን የነበረው የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ሠራተኞችን ነው። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከእርሱ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ በ1957 ሲሆን፣ ጎንደርና ጅማ ደግሞ በ1970ዎቹ ተከተሉ። እንግዲህ አገሩ ራሱ መጀመሪያ ነርስና ጤና መኰንን፣ ኋላ ሐኪም ያፈራ ከሆነ፣ አንዲት ሴት በዚሁ ቅደም ተከተል ብትሄድ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

በዚሁ ዘመን የአጎታችን ልጅ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ተመሳሳዩን ጕዞ ጀምራ ነበርና ደብዳቤ ስትጽፍልን የሁለቱን አገር ልማድ ለማነጻጸር ቻልን። በዚያ አገር ከ1901 ጀምሮ የተስፋፋ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባል የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አለ፤ ክፍያው አነስ ያለ ስለ ሆነ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ስደተኛ የሚጀምረው በዚያ ነው። ኋላም ያጠናቀቀው ትምህርት ተቈጥሮለት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወርና ዲግሪውን ይፈጽማል፤ ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክተው ከዚህ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ መራጮቹ «በትንሹ ኮሌጅ ያገኘው ከፍተኛ ውጤት በትልቁም ይጸናልን?» ብለው እንደሚጠራጠሩ አማካሪዎቿ ነገሯት። ስለዚህ ከተዛወረች በኋላ ከበድ ያሉትን የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ትምህርቶች መርጣ ወሰደች። በመጨረሻም ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና መፈተን አለባት። ይህ ፈተና ከነዕረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2015 ጀምሮ ነጥቡ ከ472 እስከ 528 ይቈጠራል። እጅግ የደነቀን ግን ሌላ ነው፤ አመልካቹ በሕይወቱ አንዲት ኮርስ እንኳ የወሰደበት ኮሌጅ ቢኖር፣ ከዚያ ሁሉ ግልባጭ እንዲመጣለት ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ደግሞ ወረቀቱ በዚያው ልክ ይጠየቃል፤ የቀድሞው ትምህርት ግን አይቈጠርም። እኅታችን በነርስነት የተማረችው አናቶሚ ለሕክምና ትምህርት አልተያዘላትም፤ ሰባት ዓመት በሽተኛ ስታገላብጥ ያወቀችውም በሚዛን ላይ አልወጣም። እኛ በልጅነታችን ቅኔ ቤት ቈይተናልና ነገሩ አዲስ አልሆነብንም። የዋድላውን ቅኔ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ሲሻገር እንደ ገና ከጉባኤ ቃና ሊጀምር ይችላል። ሆኖም በዚያ ቤት መምህሩ ራሳቸው ተቀምጠው ያዳምጡታል፤ ዕውቀቱንም መዝነው በጥቂት ቀን ወደሚገባው ደረጃ ያወጡታል። ወረቀት ማዳመጥ አይችልምና የአሁኑ ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ አልቻለም። እኛ እንደሚመስለን ለነርሶችና ለጤና መኰንኖች ቢያንስ አንዳንዱ ትምህርት በፈተና ተመዝኖ ቢያዝላቸው ለአገሩም ጊዜ ይተርፍለት ነበር።

ወደ ቤታችን ጕዳይ እንመለስ። ለማመልከት ከመሰናዳቷ በፊት የቤተ ዘመድ ምክር ተደረገ፤ ነገሩ የእርሷ ብቻ አልነበረምና። እናታችን እንዲህ አሉ፤ «ልጄ ሃያ ሰባት ዓመት ሆናት። ትምህርቱን ስትጨርስ ሠላሳ አልፏት ነው። እስከዚያ ማን ያገባታል? ቤቱንስ ማን ይደግፈዋል?» ቃላቸው ከድንቍርና የመጣ አልነበረም፤ የወር አስቤዛ የሚገዛው በእርሷ ደመወዝ ነበር። ትንሹ ወንድማችንም ያን ጊዜ የመሰናዶ ተማሪ ነበር። ከዚህም በላይ በጥር ወር ሽማግሌ ልኮ የነበረ አንድ ጨዋ ሰው ነገሩን ሲሰማ፣ ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ትምህርቱ እንዲቀር በሽማግሎቹ አፍ አስነገረ።

እኛ በዚያ ምክር ላይ የያዝነው አሳብ እንዲህ ነበር። ማመልከትና መግባት ሁለት ነገር ነው። ዛሬ ገና ያልተሰጠንን ነገር ለማንሣትና ለመጣል ከምንከራከር፣ እኅታችን ደመወዟን ሳትለቅ አንድ ዓመት ትሰናዳ፤ እኛም በዚያ ዓመት ያለ ደመወዟ መኖር እንችል እንደ ሆነ ቤቱን እንፈትን። ስለዚህ ከዚያ ወር ጀምሮ የእርሷ ገንዘብ ሳይነካ በባንክ እንዲቀመጥ ተስማማን። በግቢያችን ጀርባ የነበረችው ሰርቪስ ክፍል ተጠርጋ ለኪራይ ተሰጠች፤ የወንድማችንን ወጪ እኛ ያዝን፤ እናታችንም በበዓል ቀን የሚታረደውን በግ ከጎረቤት ጋር ለመካፈል ተስማሙ፤ ለእርሳቸው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤቱ ጠበበው እንጂ አልወደቀም። ሽማግሌ የላከውን ሰው በተመለከተ መልሱን የሰጠችው እኅታችን ራሷ ናት፤ ጨዋነቱን አመስግና፣ ለመጠበቅ ቢፈቅድ እንደምትደሰት፣ ባይፈቅድም እንደማትቀየመው አስታወቀችው። አልጠበቀም።

ቀጥሎ የመጣው የሰነድ ጕዳይ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ብንረዝም አንባቢዎች ይቅር ይበሉን፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በፈተናው ሳይሆን በዚህ ስለ ሆነ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ የሚሄድ ልጅ የሚይዘው አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው። በዘገየው መንገድ የመጣ ሰው ግን የአሥረኛ ክፍል ካርድ፣ የኮሌጅ ዲፕሎማ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የዲግሪ ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰጥ ፈቃድ ይከተሉታል። ዲግሪውን በመንግሥት ወጪ የተማረ ከሆነ ደግሞ የወጪ መጋራቱን ዕዳ ሳይከፍል ዋናውን ማስረጃ አያገኝም። ይፋዊውን የትምህርት ግልባጭም ባለቤቱ በእጁ ይዞት አይሄድም፤ ያስተማረው ተቋም በፖስታ አሽጎ፣ በማኅተም ዘግቶ ለተቀባዩ ተቋም ይልከዋል እንጂ።

የእኅታችን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ የአባታችን ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ ተገኘ። ስሙ ሁለት ቃል ያለው ነው። በአንዱ ወረቀት ተለያይቶ፣ በሌላው ተያይዞ ተጽፏል፤ በሦስተኛው ላይ፣ ስሙን በማንጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ቃል ፈጽሞ ቀርቷል። በላቲን ፊደል የተጻፈውማ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። እኛ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስለ ሆንን ንጉሡ «ሠ» በእሳቱ «ሰ» ሲለወጥ እንኳ ያንገበግበናል፤ የአባት ስም ግማሹ ሲጠፋ ምን ያህል እንደ ተቈጣን መናገር አያስፈልግም። ቍጣ ግን ወረቀት አያስተካክልም። በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን እንዲህ ያለውን አቤቱታ ስንመዘግብ የኖርን በመሆናችን፣ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት የሚሮጡት የማመልከቻው ቀን ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑን እናውቃለን። ምስክር መስማትና ትእዛዝ መጻፍ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። እኅታችን ማስታወቂያው ከመውጣቱ ከወራት በፊት አቤቱታዋን አቀረበች። እኛ በምንሠራበት ችሎት እንዳይታይ አደረግን፤ እርሷም እንደ ማንኛውም ባለጕዳይ ተራዋን ጠብቃ፣ ምስክሮቿን አቁማ፣ ሦስቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ትእዛዝ በእጇ አስገባች። ወዳጆቻችን «በቤትህ ጕዳይ እንዲህ መድከምህ ምንድን ነው?» ይሉን ነበር። ኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ ያ ትእዛዝ በዝምድና ወጣ እንዳይል ነው።

ጥናቱ ከሰነዱ ይልቅ የበለጠ አደከማት። ሰባት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ አላነበበችም። ኬሚስትሪውም ቢሆን ያቆመችው ከአሥረኛ ክፍል ብዙ ሳይርቅ ነው፤ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጻሕፍት ከቶ ገልጣ አታውቅም ነበር። መጻሕፍቱን ያገኘችው ከትንሹ ወንድማችን ነው። እርሱ ቀን በትምህርት ቤት የሰማውን ማታ ያስረዳታል፤ እርሷ ደግሞ ባዮሎጂውን ከበሽተኛ ጋር እያገናኘች ታስረዳዋለች። ደመወዟ ሲያስተምረው የኖረ ልጅ አስተማሪዋ ሲሆን ማየት ለእናታችን ታላቅ ጨዋታ ሆነላቸውና «ዛሬ መምህሩ ምን አሉ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። መብራት ሲጠፋ በሻማ ይቀጥላሉ። የሌሊት ተረኛ ሆና ባደረች ማግስት ግን መጽሐፉን እንድትይዝ አልፈቀድንም፤ ያልተኛ ሰው ያነበበው አይረጋምና።

በዚህ ዘመን የተገነዘብነው ነገር ቢኖር፣ እንዲህ ያለችው ተማሪ ከቤተ ሰቧ የምትፈልገው ምርቃትና ማበረታቻ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰዓት ያስፈልጋታል። ዘመድ ሲታመም «ነርስ ናትና እርሷ ትሂድ»፣ ለቅሶ ሲመጣ «ሴት ናትና እርሷ ትቀመጥ»፣ እንግዳ ሲመጣ «ቡናውን እርሷ ታፍላ» ከተባለ፣ ከሳምንቱ የሚተርፋት የለም። በቤታችን ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ማንም እንዳይጠራት ተደነገገ። ለቅሶውን እኛና ባለቤታችን ደረስን። መርፌ ለማስወጋት የሚመጡ ጎረቤቶችም ወደ ጤና ጣቢያው እንዲሄዱ በትሕትና ተነገራቸው፤ አንዳንዶቹ ለጊዜው ተቀይመውን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥታ ከባልንጀሮቿ ጋር እንድትንሸራሸር ግን አጥብቀን እናዝዛት ነበር።

የጽሑፍ ፈተናውን ካለፈች በኋላ ለቃል ጥያቄ ተጠራች። የጠየቋት ሐኪሞች ከሌላው ሁሉ አስቀድመው «ነርስነትን ለምን ትተዪዋለሽ?» አሏት። ከቤት ስትወጣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሕዝብ አገልግሎት ያማረ ንግግር አሰናድታ ነበር። ሆኖም የነገረችን፣ ንግግሩን ትታ ስለዚያች በአምቡላንስ ስላደረሰቻት ወላድ እንዳወራች ነው። ደም ሲፈስስ ያደረገችውን፣ ያላደረገችውንና ለማድረግ ያልተፈቀደላትን በየተራ አስረዳች። ከሐኪሞቹ አንዱ «ዛሬ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?» ሲላት «ያንኑ ነው የማደርገው፤ ሌላውን ለመማር ነው የመጣሁት» ብላ መለሰች። እኛ ብንጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አናገኝም ነበር። የግልባጩ ወረቀት ያልቈጠረላት የሰባት ዓመት ሥራም በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በጠያቂዎቹ ፊት ተቈጠረላት ለማለት እንደፍራለን።

ስሟ በዝርዝሩ ውስጥ ወጣ፤ የደረሳትም ይርጋለም ሆነ። በባንክ የተቀመጠው የአንድ ዓመት ደመወዟ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኪስዋን ሸፈነላት። የሰርቪሷ ክፍል ኪራይም እስከ ምርቃቷ ድረስ የእናታችንን አስቤዛ ቻለ። ዛሬ ሐኪም ናት፤ ማዕርጓን እናታችን ከስሟ አስቀድመው ሲጠሩ ከማንም ይልቅ ይረዝምላቸዋል።

ልጅ ወይም እኅት በጤና ኮሌጅ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ደንቡ ከእኅታችን ዘመን ወዲህ እንደ ተለወጠ አስቡ። እርሷን ወደ ኮሌጅ ያዞራት የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀርቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ተማሪዎች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ በዘገየው መንገድ መሄድ የሚገደዱት ወጣቶች በዝተዋል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያጠናቅቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ተደርጓል። በዲግሪ ላይ ሕክምና ለመማር የሚያስብ ሰው ይህንንም ፈተና ከዕቅዱ ውስጥ ያግባ። የትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው ዓመት፣ ከማን ማመልከቻ እንደሚቀበል ከጎረቤት ከመስማት ማስታወቂያውን ራሱን ማንበብ ይሻላል። ማስታወቂያው በወጣና በተዘጋ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነውና፣ ወረቀቶቻችሁን ዛሬ ማታ በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የአባትና የአያት ስም በሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ።